አጣራው እንጂ አትጠበው፦ የጽሑፍ ፋይል ሂሳብ ለምን አልገጥም ይላል?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የእናቴን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሂሳብ በኤችሌጀር መያዝ ከጀመርኩ አሥር ወር ሆነኝ። የባንኩን እንቅስቃሴ በሲኤስቪ፣ ማለትም በኮማ በተከፋፈለ የሠንጠረዥ ፋይል፣ አወርዳለሁ፤ የሞባይል ገንዘቡንም እንደዚያው። የጥሬ ገንዘቡን እናቴ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ እኔ እገለብጣለሁ። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንዱ አቅራቢ በአራት ዓይነት ስም ይመጣል። ከባንክ ወደ ሞባይል ያዛወርኩት ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ትራንስፖርትን ብቻ አጣርቼ ሳወጣ ደግሞ ድምሩ ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም። ጓደኛዬ በየወሩ መጨረሻ ፋይሉን በፈልገህ-ተካ እጠበው አለኝ። ልጠበው?»

አትጠበው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ትንሽ መንገድ መሄድ አለብን፤ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

ለማያውቁት አንባቢዎች አንድ ነገር ላስቀድም። ሂሳብን በተራ የጽሑፍ ፋይል የመያዝ ልማድ የተስፋፋው ጆን ዊግሊ በ2003 ሌጀርን ካወጣ በኋላ ነው። ሳይመን ማይክል በ2007 ኤችሌጀርን በሃስኬል ቋንቋ መጻፍ ጀመረ። የማርቲን ብሌስ ቢንካውንት ደግሞ በፓይተን የተሠራ ነው። ሦስቱም የሂሳብ ፕሮግራሞች ናቸው፣ አንድ ጠባይም አላቸው። ጆርናሉ፣ ግብይቶችህ የሚጻፉበት ፋይል፣ ያንተ ነው፣ በየትኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ትከፍተዋለህ። ፕሮግራሙ ያነበዋል፣ ሪፖርት ያወጣልሃል። የባንክ ፋይል የሚያስገባው፣ ኢምፖርት የሚባለው ትእዛዝ እንኳን ከታች ይጨምራል እንጂ የተጻፈውን አይነካም። እዚህ ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን እንደሚገቡ ታውቃለህ።

ከሦስተኛው ጥያቄህ ልጀምር። እሱ ከተፈታ ሌሎቹ ይቀልላሉ።

ይህን ግብይት ተመልከት፦

2025-01-14 ወደ መርካቶ ጉዞ
    ወጪ:ትራንስፖርት    300.00 ብር
    ወጪ:ዕቃ ግዢ    4,200.00 ብር
    ሀብት:ጥሬ ገንዘብ    -4,500.00 ብር

እዚህ ውስጥ አንድ ግብይት አለ፣ ሦስት መስመር አለ። «ኤችሌጀር ባላንስ ትራንስፖርት» ስትል ፕሮግራሙ መስመር ነው የሚያጣራው። 300 ብር ይሰጥሃል። «ኤችሌጀር ሬጅስተር ትራንስፖርት» ስትልም ያው ነው። «ኤችሌጀር ፕሪንት ትራንስፖርት» ስትል ግን የሚያጣራው ግብይት ነው። አንድ መስመሩ ከተመሳሰለ ግብይቱን ከነሙሉ አካሉ ያወጣዋል። ትክክልም ነው፤ ግማሽ ግብይት ቢያወጣ ዴቢትና ክሬዲቱ አይመዛዘንም፣ መልሶ ሊነበብም አይችልም።

አንተ ያደረግከው ይመስለኛል፦ ከፕሪንት ወደ ሲኤስቪ አውጥተህ ኤክሴል ላይ ደመርክ። ሁሉንም መስመር ብትደምር ዜሮ ይመጣል። ፖዘቲቩን ብቻ ብትደምር 4,500 ይመጣል። 300 የሚመጣበት መንገድ የለም። ድምር ከፈለግህ ባላንስን ወይም ሬጅስተርን ራሱን ወደ ሲኤስቪ አውጣ። ፕሪንት ግብይቱን ለማየትና ወደ ሌላ ፋይል ለማሻገር ነው።

«ኖት» የምትለው ማግለያ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ይቆነጥጣል። ባላንስ ላይ «ኖት ትራንስፖርት» ብትል የ300 ብሯ መስመር ብቻ ከሪፖርቱ ትቀነሳለች፤ 4,200ው እዚያው ይቆያል። ፕሪንት ላይ ያንኑ ብትል ግብይቱ እንዳለ ይጠፋል፣ የዕቃ ግዢውንም ይዞት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ሪፖርቱ ብር የበላበት ይመስለዋል።

ሌላም አለ። ማጣሪያህ ላይ የምትጽፈው ቃል ሬጅኤክስ፣ ማለትም የፍለጋ ንድፍ፣ ነው፤ ስሙ ውስጥ የትም ቦታ ቢገኝ ይይዛል። «ባንክ» ብለህ ብትጠይቅ «ሀብት:ባንክ»ን ይይዛል፤ «ወጪ:የባንክ አገልግሎት»ንም አብሮ ይይዛል። አማርኛችን ከፊት «የ»፣ «ለ»፣ «ከ» እየለጠፈ ስለሚሄድ ይህ እኛ ላይ ይበረታል። ባንክ ውስጥ 38,400 ብር ቢኖርህና በዓመቱ 215.75 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢከፈል፣ ከታች የሚመጣው ድምር 38,615.75 ነው። ባንኩ ሌላ ይላል፣ ፋይልህ ሌላ ይላል፣ አንተ ስታማትር ታድራለህ። መፍትሔው ከፊት የመጀመሪያ ምልክቷን፣ ያቺን ጣሪያ የምትመስለውን፣ ማስቀመጥ ነው፦ «^ሀብት:ባንክ»። በዚህ የሚጀምር ብቻ ማለትህ ነው።

ሁለት የሂሳብ ስም አከታትለህ ብትጽፍ ደግሞ «ይህ ወይም ያ» ነው፣ «ይህም ያም» አይደለም። የሂሳብ ስምና የመግለጫ ቃል ብታቀላቅል ግን ሁለቱም መሟላት አለባቸው። «ወጪ» እና «በመግለጫው ፀሐይ ያለበት» ካልክ፣ ከፀሐይ ጋር በተደረጉ ግብይቶች ውስጥ ያሉትን የወጪ መስመሮች ብቻ ታገኛለህ። ለአቅራቢህ ጥያቄ የምትፈልገው ይህንን ነው፤ እመለስበታለሁ።

ቀን ላይ ፈጠን ብዬ ልለፍ። የመጨረሻው ቀን አይቆጠርም። የ2017ን በጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ያለውን፣ ከፈለግህ መነሻው 2024-07-08፣ መድረሻው 2025-07-08 ነው። 2025-07-07 ብለህ ከጻፍክ የሰኔ 30ን ሽያጭ ጣልከው። ሐምሌ 1 በዘመናችን ሁሌም ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ይህችን ቁጥር አንዴ ይዘህ መቀመጥ ትችላለህ። መነሻ ቀን ስትሰጥ ደግሞ የሬጅስተሩ ተንከባላይ ድምር ከዜሮ ይጀምራል። የባንክ ቀሪህ መስሎህ አትደንግጥ። እውነተኛውን ቀሪ ካሻህ ትልቋ ኤች የምትባለውን አማራጭ ትእዛዙ ላይ አክልበት፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ይዞ ይነሳል። ሌጀር ውስጥ ይህ ጉዳይ ሁለት አማራጭ አለው። «ሊሚት» የተባለው ከስሌቱ ራሱ ያወጣል። «ዲስፕሌይ» የተባለው ከዓይንህ ብቻ ይሰውራል፣ ድምሩ ውስጥ ግን አለ። ሌጀር የሚጠቀም ሰው ሁለቱን ካምታታ ያንተው ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ እስካሁን ያወራነው ሁሉ ፋይሉን አልነካም። ማጣራት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ብትሳሳት ጥያቄህን ታርማለህ። ወጥ ማድረግ ግን መዝገቡን መለወጥ ነው፤ ብትሳሳት የተሳሳተው መዝገብህ ነው። ጓደኛህ ሁለቱን አንድ ዓይነት ሥራ አድርጎ ነው ያየው። እኔም አንድ ሰሞን እንደሱ አስብ ነበር። ልንገርህ።

ሂሳቦቼን በስልክ ነበር የምጽፈው። የስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ የምትሰጠኝ ሁለት ነጥብ የኛዋ «፡» ናት። ለኤችሌጀር ግን ዋና ሂሳብን ከንዑስ ሂሳብ የምትለየው የፈረንጇ «:» ብቻ ናት። «ወጪ፡ትራንስፖርት» ብለህ ብትጽፍ ንዑስ ሂሳብ አልሠራህም፣ ረጅም ስም ያለው አንድ ሂሳብ ነው የፈጠርከው። በዓይን አይለዩም። ሁለት ወር ሙሉ የወጪ ሪፖርቴ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ሳውቅ ተናደድኩና ፋይሉን ከፍቼ ሁሉንም «፡» በ«:» ተክቼ ዘጋሁት። አንድ ደቂቃም አልፈጀ።

ሂሳቦቹ ተስተካከሉ። አስተያየቶቹ ግን ተበላሹ። ከሴሚኮለን ቀጥሎ በምጽፈው ማስታወሻ ላይ «ሰዓት 3፡30»፣ «ማሳሰቢያ፡ ደረሰኝ የለም» የሚሉ ነገሮች ነበሩ። ኤችሌጀር ማስታወሻ ውስጥ ከ«:» በፊት ያለን ቃል ታግ፣ ማለትም ለማጣሪያ የሚሆን መለያ፣ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ «3» የሚባል ታግ፣ ዋጋው «30»፤ «ማሳሰቢያ» የሚባል ታግ፤ «ለእገሌ» የሚባል ታግ ተፈለፈለ። የታግ ዝርዝሬ ገበያ መሰለ። ማታውኑ ያየሁት ቢሆን ጥሩ፤ ያየሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እዚያው ላይ ብዙ አዲስ ጽፌበት። የፋይልን የቀድሞ መልኮች የሚያስቀምጠው ጊት አልነበረኝም። በእጄ ነው መስመር በመስመር የመለስኩት።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ወጥ የሚደረገው ጆርናሉ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጆርናሉ ሲገባ፣ በር ላይ ነው። በሩ ደግሞ የሩልስ ፋይሉ ነው፤ የባንኩ ሲኤስቪ ወደ ግብይት ሲለወጥ ፕሮግራሙ የሚከተላቸው ሕጎች የሚጻፉበት።

አሁን ወደ አቅራቢህ። ስሙን ለዚህ ጽሑፍ ስል «ፀሐይ» ልበለው። አራቱ ስሞች ምን ምን እንደሆኑ አልነገርከኝም፤ ግን ልገምት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ስንናገራቸው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የላቲን ፊደል ያላቸው ሰዎች ትልቁንና ትንሹን ፊደል ብቻ ያስታርቃሉ፤ እሱን ኤችሌጀር ራሱ ይሠራላቸዋል። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን የሚያስታርቅልን የለም። በእጃችን ነው። ሬጅኤክሱ እንዲህ ይጻፋል፦

[ፀጸ][ሐሀኀሓሃኃ]ይ

በቅንፍ ውስጥ ካሉት አንዱ ማለት ነው። አራቱንም ይይዛል፣ ነገ የሚመጣውን አምስተኛውንም ይይዛል። ባንኩ በላቲን የሚጽፈውን ከሥሩ በሌላ መስመር ጨምር። እዚያም ቢሆን በቲና ኤስ የሚጀምር አለ፣ በኤስ ብቻ የሚጀምር አለ፣ መጨረሻው ዋይ የሆነ አለ፣ አይ የሆነ አለ። «ኢፍ» ከሚለው ቃል ሥር የተደረደሩ መስመሮች «ወይም» ናቸው፤ አንዱ ከተመሳሰለ ይበቃል።

ከተመሳሰለ በኋላ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ወጥ የሆነውን ስም ያስቀምጥና ባንኩ የጻፈውን ይጥላል። አትጣለው። ኤችሌጀር መግለጫውን በቀጥተኛዋ መስመር ለሁለት እንድትከፍለው ይፈቅድልሃል፤ ከግራዋ ያለው የተከፋዩ ስም ነው፣ ከቀኟ ያለው ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ጆርናሉ ላይ እንዲህ ሆኖ ይገባል፦

2025-02-06 (0184) ፀሐይ | ትራንስፈር ጸሃይ ስቴሽነሪ
    ወጪ:ዕቃ ግዢ    6,800.00 ብር
    ሀብት:ባንክ    -6,800.00 ብር

ከግራ ያንተ ስም፣ ከቀኝ የባንኩ ቃል። በቅንፍ ያለው የባንኩ ማመሳከሪያ ቁጥር ነው፤ ሩልስ ፋይሉ ላይ «ኮድ» ለሚባለው ቦታ ትመድበዋለህ። ነገ ከአቅራቢው ጋር ብትጨቃጨቅ ቁጥሯን ታወጣለህ። ሩልስ ፋይሉ ላይ የባንኩን የመግለጫ ዓምድ ሌላ ስም፣ ለምሳሌ «ጥሬው» የሚል ትርጉም ያለው ነገር፣ ስጠው። ያኔ ወጥ ስም ሲመደብ ጥሬውን ከጎኑ ማስገባት ትችላለህ።

የትኛው አጻጻፍ ዋና ይሁን ካልከኝ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው። እናትህ «በሃሌታው ሀ ነው» ብትልም ደረሰኙ ላይ ያለው። ግብር ሲመጣ ፋይልህ የሚነጻጸረው ከደረሰኝ ጋር ነው።

ሩልስ ፋይሉ ላይ ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። ሁለት «ኢፍ» አንድን መስመር ከያዙ የኋለኛው ያሸንፋል። ስለዚህ ጠቅላላውን ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች አድርግ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ያልተያዘ ሁሉ ወደ ወጪ:ያልታወቀ» ብለህ ጀምር። በየሳምንቱ «ኤችሌጀር ሬጅስተር ያልታወቀ» ትላለህ፣ የሚወጣውን ታያለህ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሕግ ትጽፋለህ። እኔ ስጀምር በወር አርባ ሃምሳ መስመር ይወጣ ነበር፤ አሁን ሁለት ሦስት ነው። የባንኩ ሲኤስቪ አናት ላይ «የዞረ ሂሳብ»፣ ግርጌው ላይ «ድምር» የሚል መስመር ካለ ያንን «ኢፍ» ብለህ ይዘህ «ስኪፕ» ብለህ እለፈው። በር ላይ መጣል ያለበት እሱ ብቻ ነው፤ ግብይት አይደለምና።

ሁለት ጊዜ ስለሚመዘገበው ዝውውር። ባንኩ «2,000 ብር ወጣ» ይላል። የሞባይሉ ፋይል «2,000 ብር ገባ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ፋይል በየበኩሉ ሙሉ ግብይት ስለሚፈጥር ነው እጥፍ የሆነብህ። ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱን በሩልስ ይዘለዋል። ይሠራል፤ ግን አንደኛው ቢጎድል የሚያሳውቅህ የለም። እኔ የምወደው መንገድ መሃል ላይ አንድ ሂሳብ መክፈት ነው። «ሀብት:መንገድ ላይ» በለው።

2025-02-03 ወደ ሞባይል ዝውውር
    ሀብት:መንገድ ላይ    2,000.00 ብር
    ወጪ:የባንክ አገልግሎት    5.75 ብር
    ሀብት:ባንክ    -2,005.75 ብር

2025-02-04 ከባንክ የገባ
    ሀብት:ሞባይል    2,000.00 ብር
    ሀብት:መንገድ ላይ    -2,000.00 ብር

የመጀመሪያው ከባንኩ ፋይል፣ ሁለተኛው ከሞባይሉ ፋይል ነው። ቀናቸው ቢለያይም አይጋጩም። 5.75 ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ 5 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሲሆን 15 በመቶው ቫት 0.75 ይሆናል። ብዙ ሰው 2,005.75ን ከ2,000 ጋር ለማጣመር ሲሞክር ነው የሚሰናከለው። ክፍያውን ለየብቻ አውጣው፤ የሚቀሩት ሁለቱ 2,000ዎች ራሳቸው ይገናኛሉ። የመንገድ ላይ ሂሳብህ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ደርሷል። 2,000 ካሳየ ወይ የሞባይሉን ፋይል አላስገባህም፣ ወይ ገንዘቡ እውነትም አልደረሰም። ሁለተኛው ሲሆን ለባንኩ የምትደውለው ቀኑንና ቁጥሩን ይዘህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ጠርጥሬሃለሁ። እጥፍ የሆኑብህ ዝውውሮቹ ብቻ ናቸው ወይስ ሌላም አለ? የምጠይቅህ ለምን መሰለህ፣ ኢምፖርት አዲሱን ከአሮጌው የሚለየው በፋይሉ ስም ነው። «ሌተስት» የሚል ስም ያለው ስውር ፋይል ከሲኤስቪው ጎን ያስቀምጣል። በዚያ ላይ መጨረሻ ያየውን ቀንና በዚያ ቀን ስንት መስመር እንደነበር ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ይወስዳል። አሁን ብራውዘርህ ያንኑ ፋይል ድጋሚ ስታወርድ ስሙ ላይ በቅንፍ 1፣ 2 እያለ ይጨምራል። ስሙ ተቀየረ፤ ለኤችሌጀር አዲስ ፋይል ነው፤ ከአንድ ጀምሮ ሁሉንም ያስገባዋል። ሁሌም ያወረድከውን በአንድ ስም አስቀምጠው፣ አሮጌውን በላዩ ላይ ተካው። ዋናውን ኮፒ ለብቻው በየወሩ ማህደር አኑረው፣ እሱን አትንካው። ከማስገባትህ በፊት ደግሞ «ድራይ ረን» ብለህ ምን ሊያስገባ እንደሆነ እይ።

ይህ ዘዴ ሌላ ቀዳዳም አለው። ባንኩ ከሦስት ቀን በፊት የተደረገን ነገር ዛሬ በአሮጌ ቀን ቢጨምረው ኢምፖርት ያልፈዋል። ድምፅ የለም። የሚያድንህ የባንኩ ቀሪ ሂሳብ ዓምድ ነው። ሩልስ ፋይሉ ላይ ያንን ዓምድ «ባላንስ» ብለህ ከመደብከው፣ እያንዳንዱ ግብይት «ከዚህ በኋላ ቀሪው ይህን ያህል መሆን አለበት» የሚል ማረጋገጫ ይዞ ይገባል። አንድ መስመር ቢጎድል የሚቀጥለው ላይ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ በስንት ብር እንደተለያየም ይነግርሃል። ባንክህ አዲሱን ከላይ የሚያደርግ ከሆነ በተመሳሳይ ቀን ያሉት ተገልብጠው ማረጋገጫው በከንቱ እንዳይወድቅ «ኒውየስት ፈርስት» የሚለውን ሕግ ጨምርበት።

ስለ ቁጥር ካላስጠነቀቅኩህ ግን ይቆጨኛል። ጆርናል ላይ «4,200 ብር» ብለህ ብትጽፍ ኤችሌጀር ምን ያነባል? አራት ብር ከሃያ ሳንቲም። አንድ ኮማ ብቻ ካየ የሳንቲም ነጥብ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ አውሮፓ ውስጥ ብዙ አገር እንደዚያ ይጻፋልና። ሁለቱም መስመር እኩል ስለሚሳሳት ግብይቱ ይመዛዘናል፣ ስህተት አይልህም። ፋይሉ አናት ላይ «ኮሞዲቲ 1,000.00 ብር» የሚል አንድ መስመር ጻፍ፤ ኮማው የሺህ፣ ነጥቡ የሳንቲም እንደሆነ ከዚያ ያውቃል። ሩልስ ፋይሉ ላይም የሳንቲም ምልክቱ ነጥብ መሆኑን ለይተህ ንገረው።

ሂሳቦችህን በአማርኛ ሰይመህ ከሆነም፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ባዶ ቢመጣ አትደነቅ። ፕሮግራሙ የሂሳብን ዓይነት የሚገምተው ከእንግሊዝኛ ስሙ ነው። «ሀብት» ምን እንደሆነ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ዋና ሂሳብ «አካውንት» የሚል መስመር ጽፈህ ዓይነቱን በታግ ስጠው። አንዴ ነው የምትጽፈው። ከዚያ ወዲያ በጥብቅ ሁነታ ስታስኬደው ያልተመዘገበ የሂሳብ ስም ካገኘ አልሄድም ይላል። ያቺ «ወጪ፡ትራንስፖርት» ያን ጊዜ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትያዝ ነበር።

አሥሩን ወር ምን እናድርገው? ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ አሊያስ ነው። የተሳሳተውን የሂሳብ ስም ወደ ትክክለኛው የሚያዞር መስመር ፋይሉ አናት ላይ ትጽፋለህ። ፋይሉ እንዳለ ይቆያል፣ ሪፖርቱ ይስተካከላል። አናት ላይ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አሊያስ ከእሱ በታች ያለውን ብቻ ነው የሚያዞረው። የሂሳብ ስም ብቻ እንጂ የተከፋይ ስም እንደማይነካም አትርሳ። ለተከፋይ ስም «ፔዪስ» የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፣ ያሉህን ስሞች ዘርዝሮ ይሰጥሃል። አንብባቸው። ተመሳሳዮቹ ተጠጋግተው ስለማይወጡ፣ ጸ እና ፀ በፊደል ተራ ላይ የተለያየ ቦታ ነውና፣ ጮክ ብለህ ብታነብ ይሻላል። ጆሮ ከዓይን በተሻለ ይይዛቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ እውነተኛ እጥበት ነው፤ ካማረህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ፋይሉን ጊት ውስጥ አስገባ። የሁሉንም ሂሳብ ባላንስ አውጥተህ በአንድ ፋይል አስቀምጥ። ከዚያ «ፕሪንት»ን ትንሿ ኤክስ ከምትባለው አማራጭ ጋር ወደ አዲስ ፋይል አውጣ። በቀን ቅደም ተከተል ይደረድርልሃል፣ የተዘለሉትን መጠኖች ይሞላልሃል፣ አሊያሶቹን ተግባራዊ አድርጎ ይጽፍልሃል። ከአዲሱ ፋይል ባላንስ አውጣና ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽር። አንዲት ሳንቲም ልዩነት ካለ አዲሱን ጣለው። ፕሪንት ግን ከግብይት ውጭ ያሉትን አስተያየቶችና የኮሞዲቲ፣ የአካውንት መስመሮችህን አይወስድም፤ እነሱን ለብቻ ፋይል አድርገህ አስጠራቸው። ይህን ስታደርግ ምንም ማጣሪያ አታስገባ። ያጣራኸውን ካወጣህ የቀሪ ሂሳብ ማረጋገጫዎቹ ከፊታቸው የነበረው ስለጠፋ ይወድቃሉ።

የእናትህ ደብተር ቀረ። ደብተሩን አትቀይርባት፤ በጥር 6 ብላ ትጻፍ። አንተ ስትገለብጥ ነው 2025-01-14 የምታደርገው፤ የእሷን ቀን ከሴሚኮለን በኋላ «ቀን:ጥር 6» ብለህ ታግ አድርገህ ያዝላት። «ጥር ላይ ምን ነበር» ብላ ስትጠይቅህ በዚያ ታጣራለህ። የምትፈራው ነገር ሳትቀይር 2017-05-06 ብለህ መጻፍህን ነው። ለፕሮግራሙ ትክክለኛ ቀን ነው፤ ሜይ 6፣ 2017 አድርጎ ይወስደዋል፣ ከዘንድሮ ሪፖርት ይጠፋል፣ ቀሪ ሂሳቡ ውስጥ ግን አለ። «ስታትስ» የሚለውን ትእዛዝ ስጠውና ፋይልህ ከየት ቀን እንደሚጀምር እይ። ከአሥር ወር በፊት ያለ ቀን ካሳየህ ከደብተሩ ያመለጠ አለ ማለት ነው። ጳጉሜን ላይ ብቻ አትጨነቅ፤ ወር 13 ሲያይ ፕሮግራሙ ራሱ አልቀበልም ይላል።